ነገርን ከሥሩ፤ ወደ በየዳ የተደረገ ጉዞ

በአገራችን ትምህርት ቤት ገብቶ የተማረ ሰው ሁሉ የኢትዮጵያ ከፍተኛ ተራራ ማን እንደ ሆነ ሲጠየቅ ሳያመነታ «ራስ ደጀን» ብሎ ይመልሳል። ከፍታውንም ቢጠይቁት በቀድሞው መጽሐፍ የተማረው 4,620 ሜትር፣ በአዲሱ ልኬት የተማረው ደግሞ 4,550 ሜትር ያህል ነው ይላል። ፌሬና ጋሊኒዬ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ መኮንኖች በፈረንጆች አቆጣጠር በ1841 ተራራውን መውጣታቸውን የሚያውቅም አይጠፋም። ነገር ግን በዚሁ ተራራ ትከሻ ላይ አርሶና ዘርቶ፣ በግ አርብቶና ልጅ አሳድጎ የሚኖረው ሰው አገሩ ማን ይባላል? ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ቶሎ አይገኝም። አገሩ በየዳ ይባላል። በሰሜን ጎንደር ዞን ያለ ወረዳ ነው፤ የወረዳው ከተማም ድልይብዛ ናት።

እኔም በየዳን የማውቀው በወረቀት ብቻ ነበር። በየዓመቱ የእህል ርዳታ የሚያስፈልጋቸው ወረዳዎች ስም ሲዘረዘር የበየዳ ስም ከዝርዝሩ ሲጠፋ አላየሁም። ስሙን በታይፕም በኮምፒዩተርም የጻፈ ጸሐፊ፣ ማኅተም የመታበት ሹም፣ ፋይሉን ከመደርደሪያ ወደ መደርደሪያ ያዛወረ ተላላኪ ብዙ ነው። ከእነዚህ መካከል አገሩን በዓይኑ ያየው ግን ጥቂት ነው። እኔ ደግሞ ከወር ደመወዜ ላይ ለልማት ማኅበር ጥቂት ብር የማዋጣ ሰው ስለ ሆንሁ አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ ይከነክነኝ ነበር። ስንዴው በየዓመቱ የሚሄድ ከሆነ ችግሩ በየዓመቱ የሚመለሰው ስለ ምንድን ነው? አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉና፣ የነገሩን ሥር ለማየት በ2011 ዓ.ም. በኅዳር ወር የዓመት ዕረፍቴን ወስጄ ተነሣሁ።

ከጎንደር እስከ ደባርቅ መንገዱ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱን መጀመሪያ የቀደዱት ጣልያኖች በወረራው ዘመን ሲሆኑ፣ ዛሬ አስፋልት ለብሶ ከደባርቅ አልፎ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወደ ዛሪማ ይወርዳል። አምባ ጊዮርጊስን ካለፉ በኋላ ብርዱ ይጀምራል፤ የገብሱና የስንዴው ማሳ በግራና በቀኝ ይዘረጋል። ቀጥሎ ዳባት ይገኛል። በዳባት ላይ መንገደኛው ሻይ ጠጥቶ ያልፋል እንጂ በከተማው ያለውን አንድ ትልቅ ሥራ ልብ አይለውም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1996 ጀምሮ በዚህ ወረዳ የምርምር ጣቢያ አቋቁሞ በተመረጡት ቀበሌዎች ማን እንደ ተወለደ፣ ማን እንደ ሞተ፣ ማን አገር ለቅቆ እንደ ሄደ ቤት ለቤት እየዞረ ይመዘግባል። ነገሩ ተራ የቆጠራ ሥራ ይመስላል። ዳሩ ግን ሕፃን የሞተው በምን ምክንያት እንደ ሆነ ያላወቀ ሐኪም ቀጣዩን ሕፃን ሊያድን አይችልም። ድህነትም እንደዚሁ ነው፤ ሥሩን ለመንቀል መጀመሪያ ሥሩ የት እንዳለ መቁጠርና መለካት ያስፈልጋል።

ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ጠዋት ጠዋት ጋቢ የማያስወልቅ ብርድ ያለባት ከተማ ናት። ሰሜን ጎንደር ራሱን የቻለ ዞን ሆኖ ከተደራጀ ወዲህ የዞኑ ዋና ከተማ ሆናለች፤ ዩኒቨርሲቲም አላት። በገበያ ቀን ከስሜን ተራሮች የሚወርዱት ባላገሮች በጎቻቸውን እየነዱ፣ ገብሳቸውን በአህያና በበቅሎ ጭነው ከተማይቱን ይሞሏታል። አንድ ሽማግሌ ሁለት በጎች ይዘው ቆመው አየሁና ከየት እንደ መጡ ብጠይቃቸው «ከበየዳ፤ ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው» አሉኝ። በጎቹን የሚሸጡት ለምን እንደ ሆነ ስጠይቃቸው ደግሞ «ለማዳበሪያ ዕዳ» ብለው መለሱ። በእርሳቸው አገር በግ በሦስት ቀን መንገድ ሲነዳ ሥጋው ይቀልጣል፤ ነጋዴውም ሻጩ በጉን ይዞ ወደ ሩቅ አገሩ እንደማይመለስ ስለሚያውቅ ዋጋውን ይጥልበታል። ገና ተራራውን ሳልወጣ የድህነት አንዱ ሥር የመንገድ ርቀት እንደ ሆነ በደባርቅ ገበያ ላይ ተማርሁ።

ከደባርቅ ማዶ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይጀምራል። ፓርኩ በሕግ የታወጀው በ1962 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆች 1978 ደግሞ ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስ መዝገብ መጀመሪያ ከሰፈሩት ዐሥራ ሁለት ቦታዎች አንዱ ለመሆን በቅቷል። ሳንቃበርን አልፎ ወደ ጨነቅ የሚያመራው ጥርጊያ መንገድ በገደል አፋፍ ላይ ስለሚሄድ አሽከርካሪው ዓይኑን ከመንገዱ ካነሣ አደጋ ነው፤ ተሳፋሪው ግን ዓይኑን ከገደሉ ማንሣት ይሳነዋል። ጭላዳ ዝንጀሮዎች በመቶ እየሆኑ ሣሩን ሲነጩ ይታያሉ። በዓለም ላይ ከዚህ በቀር የትም የማይገኘው ዋልያም ዕድል የቀናው መንገደኛ ከሆነ በጨነቅ ገደል ላይ ቆሞ ይገኛል። ከዚያ በላይ አስታው እያነሰ፣ ጅብራው እየበዛ ይሄድና መኪናው በቧሂት ተራራ ትከሻ 4,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይደርሳል። በዚህ ስፍራ ቶሎ መናገር ያቅታል፤ ሁለት እርምጃ የሮጠ ሰው ትንፋሹን ለማግኘት ይቀመጣል።

በአውራው መንገድ የሚመጣ ጎብኚ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ተመልሶ ይሄዳል። ፎቶግራፉን አንሥቶ፣ አገራችን ውብ ናት ብሎ ይመለሳል። በእውነትም ውብ ናት። ነገር ግን ከቧሂት ወዲያ ማዶ ሲመለከቱት መልክዓ ምድሩ ይለወጣል። መሸሃ የሚባለው ወንዝ ተራራውን ሰንጥቆ ወደ ተከዜ ይወርዳል። በወንዙ ግራና ቀኝ ያለው ቁልቁለት ሁሉ፣ ሰው ቆሞ ሊሄድበት የማይችለው ሳይቀር፣ ታርሷል። ዛፍ የሚባል ነገር ከአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውጭ እምብዛም አይታይም። ከሩቅ ሲያዩት ነጭ ነጭ እየሆነ የሚታየው በረዶ ይመስላል፤ ቀርበው ሲያዩት ግን አፈሩ ታጥቦ ያለቀበት አለት ነው።

መኪናው ካደረሰን በኋላ የቀረውን መንገድ በእግርና በበቅሎ ሄድን። ማታ ላይ ራስ ደጀን ከበላያችን ሆኖ ከአንድ መንደር ደረስን። ያሳደሩን አባወራ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ፣ የሱፍ ቆብ ያደረጉ፣ ንግግራቸው ቀስ ያለ ሰው ናቸው። «ቤት ለእንግዳ» ብለው ከእሳቱ አጠገብ አስቀመጡን፤ ባለቤታቸው የገብስ እንጀራ በድንች ወጥ፣ ከዚያም ቆሎና ጠላ አቀረቡልን። ድንቹን ሳይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ድንች ለኢትዮጵያ ባዕድ ተክል ነበር፤ ወደ አገራችን ያመጣው በስሜንና በትግራይ ብዙ ዘመን የኖረው ጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ ሺምፐር እንደ ሆነ፣ ዘመኑም በፈረንጆች 1858 ገደማ እንደ ነበረ ይነገራል። ያ አንድ ሰው ያመጣው ዘር እነሆ ከአንድ መቶ ስልሳ ዓመት በኋላ ውርጭ ገብሱን በሚመታበት ዓመት ብዙ ቤተሰብ ያወጣል። ዘርና ዕውቀት ከተበላ በኋላም አያልቅም፤ የተላከ ዱቄት ግን በተበላበት ቀን ያልቃል።

እሳቱ የሚነድደው በኩበት ነበር። እኔም «አባቴ፣ ኩበቱ ለማሳው ቢሆን አይሻልም?» ብዬ በከተማ ሰው ድፍረት ጠየቅኋቸው። ሽማግሌው አልተቆጡም። እንዲህ ሲሉ መለሱልኝ፤

«ልጄ፣ ይሻላል እንጂ። እኛስ መቼ ጠፋን? አባቴ በዚህ ማሳ ላይ ሲያርስ አፈሩ የበሬውን ቁርጭምጭሚት ይውጥ ነበር። ዛሬ ሞፈሩ ከድንጋይ ጋር ይነጋገራል። እንጨት የለም፤ ስለዚህ ኩበቱን እናነዳለን። ኩበቱን ስላነደድን ማሳው ይራባል። ማሳው ሲራብ እኛ እንራባለን። ስንራብ በጊቱን እንሸጣለን። በጊቱ ስትሸጥ ኩበቱም ይቀራል። ቀለበት ነው፤ ከየት ጀምሬ ልበጥሰው?»

አንባቢ ሆይ፣ ስለ ድህነት መንሥኤ ብዙ ጥናት አንብቤአለሁ፤ እንደዚህ ባጭሩ የተጻፈ ግን አላጋጠመኝም። ሊቃውንቱም ያገኙት ይህንኑ ነው። ስዊዘርላንዳዊው የመልክዓ ምድር ሊቅ ሃንስ ሁርኒ በፈረንጆች 1970ዎቹ በስሜን ፓርክ እየሠራ የአፈሩን መከላት አጥንቶ ነበር። በኋላም በ1981 በተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር በልዩ ልዩ የአገራችን ክፍሎች አፈር በየዓመቱ ምን ያህል እንደሚታጠብ ሲለካ፣ ተዳፋት ማሳ ላይ የሚታጠበው አፈር ተፈጥሮ ከምትተካው እጅግ የበለጠ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ባላገሩ ከዝናብ ብቻ ሳይሆን ከእግሩ ሥር ከሚሸሸው መሬት ጋር ይታገላል ማለት ነው። በአንድ ወቅት የሚላክለት እህል ከሞት ያድነዋል፤ የሸሸውን አፈር ግን አይመልስለትም።

በማግሥቱ ሽማግሌው ቁልቁለቱን ይዘውኝ ወርደው የድንጋይ እርከን አሳዩኝ። እርከኑን የሠሩት የመንደሩ ሰዎች በምርታማ ሴፍቲኔት ነው። ይህ ሥራ በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር በአገሪቱ በሙሉ ወደ አምስት ሚሊዮን ሰው ይዞ ነበር፤ አሠራሩም እንዲህ ነው። በየዓመቱ የምግብ እጥረት የሚያገኘው ቤተሰብ ስሙ ይመዘገባል፤ መሥራት የሚችለው በወር አምስት ቀን በሕዝብ ሥራ ላይ ይውላል፤ እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል፣ ክትር ይከትራል። ለዚህም ገንዘብ ወይም እህል ይቀበላል። መሥራት የማይችለው ሽማግሌና ሕመምተኛ ሳይሠራ ይቀበላል። ከዚህ በፊት የነበረው ርዳታ ችግሩ ከመጣ በኋላ ስለሚደርስ ባላገሩ በሬውን ከሸጠ በኋላ ነበር እህሉን የሚያገኘው፤ ይህ ግን አስቀድሞ የታወቀ በመሆኑ በሬው ሳይሸጥ ይቆያል።

እርከኑ ከበላይ በኩል አፈር ይዞ ገብሱ ጠቁሮ ቆሟል፤ እርከን በሌለበት በኩል ገብሱ ከጉልበት አያልፍም። ይህን ሳይ ደስ ብሎኝ ብዙ አወደስሁ። ሽማግሌው ግን ዝም ብለው ጥቂት ራቅ ብሎ ወዳለ ሌላ ተዳፋት ጠቆሙኝ። በዚያ ያለው እርከን ፈርሷል። «ይኸን የሠሩት እዚህ የማያርሱ ሰዎች ናቸው። ክፍያቸውን ተቀበሉና ሄዱ። ድንጋዩ የማንም ስላልሆነ ሲወድቅ ያነሣው ሰው የለም» አሉኝ። ይህም ሁለተኛ ትምህርት ሆነኝ። ድህነትን ከሥሩ እንነቅላለን ብሎ የሚነሣ ሁሉ ባለቤቱን ሳይጠይቅ ከሠራ ሥራው ከአንድ ክረምት አያልፍም።

አሁን የመጣሁበትን ጉዳይ ላንሣ። በአገራችን ለተቸገረ መድረስ አዲስ ነገር አይደለም፤ ደቦና ወንፈል፣ እድርና ሰንበቴ ከጥንት አሉን። እነዚህ በመንደር ውስጥ ያለውን ችግር በመንደር ጉልበት የሚያቃልሉ ናቸው። ችግሩ የአገር ሙሉ በሆነ ጊዜ ግን ከመንደር የሰፋ ማኅበር ያስፈልጋል። በ1977ቱ ረኀብ ዘመን ለርዳታ የተቋቋመው ድርጅት በኋላ ፊቱን ወደ ልማት አዙሮ፣ የአማራ መልሶ ማቋቋምና ልማት ድርጅት ሆኖ ምንጭ ማጎልበት፣ ችግኝ ማፍላትና ተፋሰስ ማልማት ይዟል። በ1984 ዓ.ም. የተቋቋመው የአማራ ልማት ማኅበር፣ ባጭሩ አልማ፣ ከአባላቱ መዋጮ እየሰበሰበ የመማሪያ ክፍሎችንና ጤና ኬላዎችን የሚሠራ ነው። በሌሎች ክልሎችም እንደ ትግራይና እንደ ኦሮሚያ ልማት ማኅበር ያሉ አቻዎቹ ይገኛሉ። በአዲስ አበባም ክብርት አበበች ጎበና በ1972 ዓ.ም. ከግሸን ማርያም ሲመለሱ በረኀብ ከተጎዳው አገር ሁለት ሕፃናት ይዘው ገብተው የጀመሩት ሥራ፣ ወላጅ አልባ ልጆችን ከማሳደግ አልፎ እናቶች ሙያ ተምረው በራሳቸው ገቢ ልጆቻቸውን እንዲያሳድጉ ወደ ማድረግ አድጓል። እኚህ ሴት በ2013 ዓ.ም. በሞት ቢለዩም ከሥራቸው የምንማረው ግልጽ ነው። የወደቀውን ማንሣት አንድ ሥራ ነው፤ የጣለውን ጉድጓድ መድፈን ሌላ ሥራ ነው፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

የእኔ መዋጮ ከዚህ ሁሉ መካከል ምን ያህል ዋጋ አለው? ይህን ያወቅሁት በዚያው መንደር ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱ ማለት በእንጨት የቆመ፣ በሣር የተከደነ ዳስ ነበር። ግድግዳው እስከ ደረት ድረስ ብቻ ስለ ሆነ ንፋሱ ከራስ ደጀን ወርዶ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣል። ከሃምሳ የሚበልጡ ልጆች በድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ደብተራቸውን በጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጽፋሉ። ከዳሱ አጠገብ ግን አዲስ ግድግዳ ቆሟል። ድንጋዩን ወላጆች ከወንዝ በሸክም አምጥተዋል፤ እንጨቱንም አዋጥተዋል። የጎደለው ቆርቆሮ፣ ምስማርና ሲሚንቶ ነው፤ ይህም ከመዋጮ የሚመጣ ነው። ከፊሉ መጥቶ ጣሪያው እኩሌታው ለብሷል፤ እኩሌታው ሰማይ ይታይበታል።

መምህሩ ከደባርቅ ማዶ የመጣ ወጣት ነው። በእጁ የያዘውን ወረቀት አሳየኝ፤ የጎደለው ቆርቆሮ ቁጥር፣ የምስማሩ ኪሎ፣ የሲሚንቶው ከረጢት በሥርዓት ተጽፏል። በልቤ ሒሳብ አሰላሁ። እኔ በዓመት ውስጥ የማዋጣው ብር በዚያን ጊዜ ዋጋ ከሁለት ቆርቆሮ አይበልጥም ነበር። አፈርሁ። መምህሩ ሐሳቤን እንዳወቀ ሁሉ «ሁለት ቆርቆሮ ከሆነ እኮ ጥሩ ነው፤ በአንድ ቆርቆሮ ሥር አራት ልጆች ይቀመጣሉ» አለኝ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ ትርጉሙ የገባኝ ግን በዚያ እኩሌታ ጣሪያ ሥር ነው።

በክፍሉ ውስጥ አንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ስሟን አልጽፍም። መምህሩ ጥያቄ በጠየቀ ቁጥር እጇን የምታነሣ፣ ቀለም የምትይዝ ልጅ ናት። አባቷ ከትምህርት ቤቱ ግንብ ላይ ድንጋይ ሲጠርብ አገኘሁት። ልጁ እስከ ስንተኛ ክፍል እንድትማር እንደሚያስብ ስጠይቀው ለመመለስ ጊዜ ወሰደ። «ከስምንተኛ በላይ ወደ ከተማ መሄድ ነው። ቤት ኪራይ አለ፣ ስንቅ አለ። በዚያን ጊዜ ደግሞ ለጋብቻ የሚጠይቁ ይመጣሉ። ሕጉ 18 ዓመት እንደሚል አውቃለሁ። ሕጉ ግን ስንቅ አይሰጥም» አለኝ። የተናገረው ክፉ ሰው ስለ ሆነ አይደለም፤ በቀን ሥራው ለልጁ ክፍል ድንጋይ የሚጠርብ አባት ክፉ ሊባል አይችልም። ድህነት ለእንደዚህ ያለው አባት ልጁን ከማስተማርና በጊቱን ከማትረፍ አንዱን ምረጥ ይለዋል። እንግዲህ ሥሩን መንቀል ማለት አባቱ ይህን ምርጫ እንዳያጋጥመው ማድረግ ነው።

በየዳን ከጎበኘሁ ወዲህ ብዙ ክፉ ቀን አልፏል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ ድረስ ደርሶ በጭና ብዙ ሰላማዊ ሰው አለቀ። በ2015 ዓ.ም. ክረምቱ ሳይዘንብ ቀረና በየዳ፣ ጃናሞራና ጠለምት በብርቱ ድርቅ ተመቱ፤ ከብቱ አለቀ፣ ሰውም አገሩን እየለቀቀ ወደ ደባርቅና ወደ ጎንደር ተሰደደ። በዚያው ዓመት በክልሉ የተነሣው ግጭት መንገዱን ስላወከው እህል ማድረስ ራሱ ከባድ ሆነ። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው «እነሆ፣ ከሥሩ እንነቅላለን የተባለው ድህነት ተመልሶ መጣ፤ መዋጮው ሁሉ ከንቱ ነው» ሲል ሰማሁ። እኔም ይህን ሐሳብ በልቤ አላሰብሁም ብል ሐሰት ነው።

መምህሩን በስልክ ያገኘሁት በ2016 ዓ.ም. ነው። ድምፁ ደክሞ ነበር። ከመንደሩ ብዙ ሰው እንደ ወጣ፣ ልጆችም ሳይበሉ እየመጡ በክፍል ውስጥ እንደሚተኙ ነገረኝ። የእርከኑን ነገር ስጠይቀው «ዝናብ ከሌለ እርከን ምን ይይዛል? ግን አፈሩ አለ። ሲዘንብ የሚዘራበት ነገር አለ። በማዶው ተዳፋት ግን ቢዘንብም የሚዘራበት የለም» አለኝ። ስለ ልጅቱ ጠየቅሁት። ስምንተኛን አልፋ ወደ ወረዳው ከተማ ወርዳ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ እየተማረች ሳለ፣ በድርቁ ምክንያት ከቤት የሚላክላት ስንቅ ቆመ። ተመልሳ መጣች። አባቷም የመጨረሻውን በግ ሸጦ ስለ ነበር ዝም አለ። «ምን ሆነች?» አልሁት። «እኛ መምህራኑ ከደመወዛችን አዋጥተን መለስናት። ብዙ አይደለም፤ ለገብስ ያህል ነው» አለኝ። ቀጥሎም እንዲህ አለ፤ «ዘንድሮ ስንዴ ይላክልን። ሰው ከሞተ ትምህርት ቤቱ ለማን ይሆናል? ግን ቆርቆሮውንም አትርሱት። ስንዴውን ስትልኩ ቆርቆሮውን የረሳችሁ እንደ ሆነ ከርሞም ስንዴ ትልካላችሁ።»

ይህ ንግግር ከመደርደሪያ ወደ መደርደሪያ ሲዛወር ላየሁት ለዚያ ሁሉ ፋይል በቂ መልስ ይመስለኛል።

ይህን ጽሑፍ የምታነብ ተማሪ ወይም እንደኔ በዝቅተኛ ደመወዝ የምትሠራ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንህ፣ ወይም ከሆንሽ፣ «እኔ ምን አለኝ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ገንዘብ ያለው ገንዘቡን ይሰጣል፤ የወር መዋጮ ጥቂትም ብትሆን ሳትቋረጥ ከመጣች ከአንድ ጊዜ ትልቅ ስጦታ ትሻላለች፤ ለሚሠራው ሰው ከርሞ ምን እንደሚያገኝ አስቀድሞ ያሳውቀዋልና። ገንዘብ የሌለው ዕውቀቱን ይሰጣል። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት ወደ ገጠር ይልክ ነበር፤ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ወጣቱን በየመንደሩ አሰማርቶ ነበር። ዛሬም በክረምት ዕረፍቱ የተወለደበትን ቀበሌ ልጆች የሚያስጠና ተማሪ ማንም አይከለክለውም። ገንዘብም ጊዜም የሰጠ ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ግዴታ አለበት፤ የሰጠው የት እንደ ደረሰ መጠየቅ። ሒሳብ መጠየቅ ማኅበሩን መጥላት አይደለም። የሚጠየቅ ማኅበር ይጠነክራል፤ የማይጠየቅ እንደዚያ ባለቤት እንዳጣው እርከን በአንድ ክረምት ይፈርሳል።

ከመንደሩ የወጣሁበት ጠዋት ውርጩ በገብሱ ቃርሚያ ላይ ነጭ ሆኖ ተኝቶ ነበር። ሽማግሌው በሶ ቋጥረው እስከ መንደሩ ዳር ድረስ ሸኙኝ። ከበቅሎዬ ላይ ልወጣ ስል የበቅሎዋን ልጓም እንደ ያዙ «ልጄ፣ አገራችንን አይተሃል። ስትሄድ ድሆች ናቸው ብለህ ብቻ አትንገር» አሉኝ። ምን ብዬ እንድናገር ጠየቅኋቸው። ጥቂት አሰቡና «ግድግዳውን አቁመዋል፤ ክዳን ቀርቷቸዋል በል» አሉኝ።

እንዳሉኝ ተናገርሁ።